የ1913 የጥቅል ፖስታ ቴምብሮች በመጀመሪያ ቀን ፖስታ ላይ፦ እንዴት ይመረመራሉ፣ እንዴት ይሰበሰባሉ?

የአሜሪካን የጥቅል ፖስታ ቴምብሮች በመጀመሪያ ቀን ፖስታ ላይ (ቴምብሩ ሊያገለግል በቻለበት የመጀመሪያ ዕለት ማኅተም በተመታበት ፖስታ ላይ) ለመሰብሰብ የተነሳ ሰው ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ የትኛው የመጀመሪያ ቀን? ከእነዚህ ቴምብሮች አብዛኞቹ ሁለት አላቸው። አንደኛው ጃንዋሪ 1 ቀን 1913 ነው፤ የጥቅል አገልግሎቱ ሥራ የጀመረበት ረቡዕ። ሁለተኛው ጁላይ 1 ቀን 1913 ነው፤ ቴምብሮቹ በማናቸውም ዓይነት ፖስታ ላይ እንዲለጠፉ የተፈቀደበት ማክሰኞ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ፖስታ ከሁለቱ የትኛውን ሊጠይቅ እንደሚችል የሚወስነው በውስጡ የነበረው ዕቃ ነው። ስለዚህ የጀማሪ ዓይን ቀጥታ ወደ ማኅተሙ ቀን ሲሮጥ፣ የለመደ ሰው በመጀመሪያ የቴምብሩን ሒሳብ ይደምራል። ሒሳቡ ካልገጠመ ቀኑ ብቻውን አያድነውም።

ቴምብሮቹን መለየት

ኮንግረስ አገልግሎቱን የፈቀደው ኦገስት 24 ቀን 1912 በጸደቀ ሕግ ነው። ለዚሁ ተብለው የታተሙት ቴምብሮች 12 ናቸው። ሰብሳቢዎች በሚጠቀሙበት የቴምብር ዝርዝር መጽሐፍ፣ በስኮት ካታሎግ፣ ከኪው 1 እስከ ኪው 12 ይባላሉ። ዋጋቸውና ሥዕላቸው እንዲህ ይሄዳል፦ 1 ሳንቲም የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ 2 ሳንቲም የከተማ ፖስተኛ፣ 3 ሳንቲም የባቡር ፖስታ ሠራተኛ፣ 4 ሳንቲም የገጠር ፖስተኛ፣ 5 ሳንቲም የፖስታ ባቡር፣ 10 ሳንቲም የእንፋሎት መርከብ፣ 15 ሳንቲም አውቶሞቢል፣ 20 ሳንቲም ፖስታ የጫነ አውሮፕላን፣ 25 ሳንቲም ፋብሪካ፣ 50 ሳንቲም የወተት ከብት እርባታ፣ 75 ሳንቲም የሰብል አጨዳ፣ 1 ዶላር የፍራፍሬ ልማት። ባለ 20 ሳንቲሙ በዓለም ላይ የአውሮፕላን ሥዕል የያዘ የመጀመሪያው የፖስታ ቴምብር ነው። ስለዚህ የአየር ፖስታ ሰብሳቢዎችም ይሻሙበታል፤ ዋጋው ላይ ይህ ይታያል።

አሥራ ሁለቱም በአንድ ቀይ ቀለም ታትመዋል። የዘመኑ ሠራተኞች ያማረሩት በዚህ ነው፤ በደብዛዛ መብራት፣ በሩጫ፣ 5 ሳንቲሙን ከ50 ሳንቲሙ መለየት ከባድ ነበር። በኋላ በተሠሩ የማተሚያ ሰሌዳዎች ኅዳግ ላይ የቴምብሩ ዋጋ በፊደል የተጨመረውም ለዚህ ነው። ለእኛ የሚተርፈው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ የተራው ደብዳቤ ባለ 2 ሳንቲም ዋሽንግተን ቴምብርም ቀይ ስለነበር፣ ያልተፈቀደ የጥቅል ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችል ነበር። ወደዚህ እንመለሳለን።

የጠርዙ ጥርስ በየአቅጣጫው 12 ነው (በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲቆጠር)፤ ወረቀቱ በነጠላ መስመር ፊደል የተጻፈ የውሃ ምልክት (በወረቀቱ ውስጥ የተሠራ ድብቅ ጽሑፍ) አለው፤ እያንዳንዱ ቅጠል 45 ቴምብር ይይዛል። ፖስታ ላይ የተለጠፈ ቴምብር የውሃ ምልክቱን ለማየት ተብሎ ፈጽሞ አይነቀልም። ከተነቀለ በኋላ መልሶ የሚለጠፍ ቴምብር፣ ቦታው በአንድ ፀጉር እንኳ ቢዛነፍ፣ ፖስታውን ለዘላለም አጠራጣሪ ያደርገዋል።

የታተመውን ብዛት ማወቅ ምን ብርቅ እንደሆነ ለመገመት ይረዳል፣ ግን ያሳስታልም። ባለ 1 ሳንቲሙ ከ209 ሚሊዮን በላይ ተሰራጭቷል፤ ባለ 1 ዶላሩ ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል፤ ባለ 50 ሳንቲሙ ሁለት ሚሊዮን ያህል ነው። ይህ ስለ ልቅ ቴምብር ነው። በመጀመሪያው ቀን ማኅተም ከነወረቀቱ የተረፈውን ስንፈልግ ባለ 1 ሳንቲሙም ብርቅ ይሆናል።

ከዚህ ቤተሰብ ጋር አምስት አረንጓዴ የዕዳ ቴምብሮችም አሉ (1፣ 2፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲም፤ ጄ ኪው 1 እስከ ጄ ኪው 5)። ክፍያው የጎደለ ጥቅል ላይ ተቀባዩ የሚከፍለውን ያሳያሉ።

ጃንዋሪ 1 እና ጁላይ 1፦ ምን ይፈቀድ ነበር?

ከጃንዋሪ 1 እስከ ጁን 30 ቀን 1913 ድረስ ደንቡ ድርቅ ያለ ነበር። አራተኛ ደረጃ ለሚባለው ዕቃ (የንግድ ዕቃ፣ ናሙና፣ የእርሻ ውጤት) የጥቅል ቴምብር ብቻ፤ ለደብዳቤ፣ ለፖስት ካርድና ለሕትመት ተራ ቴምብር ብቻ። ጥቅሉ መታሸግ የለበትም፤ ሠራተኛው ከፍቶ እንዲያየው ሆኖ ይታሰራል። የግል መልእክት መጻፍ አይፈቀድም። የላኪው ስምና አድራሻ ደግሞ ግዴታ ነበር።

እነዚህን አራት ነጥቦች እንደ ወንፊት ይጠቀሙባቸው። ጃንዋሪ 1 የሚል ማኅተም ያለበት ፖስታ ቢያገኙ፦ ክዳኑ በሙጫ የታሸገ ነው? ውስጡ ደብዳቤ አለ? የላኪ አድራሻ የለውም? ከሆነ ዕቃው የአራተኛ ደረጃ አይደለም፤ የጥቅል ቴምብሩም የተለጠፈው ያለ ፈቃድ ነው። እንዲህ ያሉ ፖስታዎች አንዳንዶቹ ተይዘው ተጨማሪ ክፍያ ተጠይቆባቸዋል፣ አንዳንዶቹ ከላይ እንደተባለው ቀለሙ አሳስቶላቸው አልፈዋል። የተያዘው ፖስታ፣ የዕዳ ምልክቱን እንደያዘ፣ ከአለፈው ይልቅ ብዙ ይነግረናል፤ ግን «የመጀመሪያ ቀን ትክክለኛ አጠቃቀም» ተብሎ ሊሸጥልዎ አይገባም።

ከጁላይ 1 ጀምሮ ግን፣ በፖስታ ሚኒስትሩ አልበርት በርልሰን ዘመን፣ ግድግዳው ፈረሰ። የጥቅል ቴምብር ደብዳቤ ላይ፣ ተራ ቴምብር ጥቅል ላይ ሆነ። ስለዚህ በዚያ ዕለት ሁለት የመጀመሪያ ቀን አለ ማለት ይቻላል፤ ተራ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክሊን ቴምብር ያለበት የጁላይ 1 የጥቅል ታግ (ጥቅሉ ላይ የሚታሰር የአድራሻ ካርቶን) የዚያው ታሪክ ግልባጭ ነው። ይህን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ስለሆነ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ቅርጹም በሁለቱ ቀኖች የተለያየ ነው። የጁላይ 1 ዕቃ ዓይን የለመደው ፖስታና ካርድ ነው፦ 1 ሳንቲም በፖስት ካርድ ላይ፣ 2 ሳንቲም በአንድ አውንስ ደብዳቤ ላይ፣ 5 ሳንቲም ወደ ውጭ አገር በሚሄድ ደብዳቤ ላይ፣ 12 ሳንቲም (2 ለደብዳቤው፣ 10 ለአደራው) በአደራ ደብዳቤ ላይ። የጃንዋሪ 1 ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖስታ አይደለም። ከጥቅል የተቆረጠ ቡናማ መጠቅለያ፣ የሳጥን ክዳን፣ ክፍት ሆኖ የተላከ የናሙና ከረጢት፣ ወይም ሲባጎ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው የካርቶን ታግ ነው። «ፖስታ ካልሆነ አልገዛም» የሚል ሰው የጃንዋሪን ቀን ከነጭራሹ ቢተወው ይሻላል።

ሒሳቡ

አገሪቱ በስምንት ዞን ተከፍላ ነበር። ዞን 1 እስከ 50 ማይል፣ 2 እስከ 150፣ 3 እስከ 300፣ 4 እስከ 600፣ 5 እስከ 1,000፣ 6 እስከ 1,400፣ 7 እስከ 1,800፣ 8 ከዚያ በላይ። ከፍተኛው ክብደት 11 ፓውንድ ነበር፤ ርዝመቱና ዙሪያው ተደምሮ ከ72 ኢንች መብለጥ አይችልም። ዋጋው ለፓውንድ በሳንቲም እንዲህ ነበር፤ የመጀመሪያው ቁጥር ለመጀመሪያው ፓውንድ፣ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፓውንድ ነው፦

በዚያው ከተማ ወይም በዚያው የገጠር መስመር ውስጥ፦ 5 እና 1
ዞን 1፦ 5 እና 3
ዞን 2፦ 6 እና 4
ዞን 3፦ 7 እና 5
ዞን 4፦ 8 እና 6
ዞን 5፦ 9 እና 7
ዞን 6፦ 10 እና 9
ዞን 7፦ 11 እና 10
ዞን 8፦ 12 እና 12

የፓውንድ ሽራፊ እንደ ሙሉ ፓውንድ ይቆጠራል። እስከ 4 አውንስ የሚመዝን ትንሽ ጥቅል ግን ርቀቱ ምንም ይሁን ምን ለአንድ አውንስ 1 ሳንቲም ይከፍላል። ስለዚህ ባለ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ሳንቲም ቴምብር ብቻውን የሚገኘው በእነዚህ ትናንሽ ዕቃዎች ላይ ነው፤ ክፍት የናሙና ከረጢቶች የሚፈለጉትም ለዚህ ነው። ለኢንሹራንስ ደግሞ 10 ሳንቲም በጥቅል ቴምብር ይጨመር ነበር፤ እስከ 50 ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ።

አሁን ይህን ሠንጠረዥ ይዘው አንድ ታግ ያንብቡ። ከቺካጎ ወደ ሚኒያፖሊስ የተላከ፣ ባለ 20 ሳንቲም አውሮፕላን ብቻ የተለጠፈበት ታግ ነው እንበል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 350 ማይል አካባቢ ነው፤ ዞን 4። 8፣ 14፣ 20፦ ሦስት ፓውንድ። ይገጥማል። ያው ታግ ወደ ኒው ዮርክ ቢሆን (700 ማይል አካባቢ፣ ዞን 5) 9፣ 16፣ 23 እያለ ይሄዳል፤ 20 ላይ አያርፍም። በኢንሹራንስ ቢሞከርም 10 ሳንቲም የሚተርፈው ለዕቃው ነው፣ እሱም ከ9 ቀጥሎ ወደ 16 ይዘላል። ወይ ላኪው አብልጦ ከፍሏል፣ ወይ ሌላ ቴምብር ወድቋል፣ ወይ ቴምብሩ የዚህ ታግ አይደለም። ሦስቱንም ለመመርመር ታጉን ወደ ብርሃን ዘንበል ያድርጉት፤ የወደቀ ቴምብር የሙጫ ጥላ ወይም በመካከሉ የተቋረጠ ማኅተም ይተዋል።

ይህን ሒሳብ ለትልልቆቹ ቴምብሮች ሲሠሩት የሚወጣው ነገር ያስገርማል። ባለ 25 ሳንቲሙ ብቻውን በጃንዋሪ ታሪፍ ያለ ኢንሹራንስ የትኛውም ዞን ላይ አይገጥምም፤ የሚገጥመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ በዚያው ከተማ ውስጥ 11 ፓውንድ (15 ሳንቲም) ከነኢንሹራንሱ። ባለ 50 ሳንቲሙ ብቻውን የሚቆመው ለዞን 4፣ 8 ፓውንድ ነው። ባለ 75 ሳንቲሙም ያለ ኢንሹራንስ ቦታ የለውም፤ የሚገጥመው ለዞን 5፣ 9 ፓውንድ (65 ሳንቲም) ሲደመር ኢንሹራንስ 10 ነው። ባለ 1 ዶላሩ ደግሞ ያለ ኢንሹራንስ ለዞን 6፣ ለሙሉ 11 ፓውንድ፣ ለምሳሌ ከኒው ዮርክ ወደ ካንሳስ ሲቲ። ስለዚህ ባለ 75 ሳንቲም ቴምብር ብቻውን የተለጠፈበት፣ የኢንሹራንስ ምልክትና ቁጥር የሌለው ታግ ሲቀርብልዎ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። ከኒው ዮርክ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሄደ 11 ፓውንድ 1 ዶላር ከ32 ሳንቲም ስለሆነ፣ ባለ 1 ዶላር፣ 25፣ 5 እና 2 ቢታዩበት ያምራል።

አንድ ጥንቃቄ፦ የዞኑ ርቀት ከከተማ ወደ ከተማ አልተለካም። አገሪቱ በ30 ደቂቃ (በግማሽ ዲግሪ) የኬንትሮስና የኬክሮስ መስመሮች ተከፋፍላ፣ ርቀቱ የሚለካው ከክፍሉ መሃል ነበር። በዞን ድንበር ላይ ያሉ ከተሞችን በማስመሪያ ለክተው «ሐሰት ነው» ብለው አይፍረዱ፤ ለድንበሩ በሁለቱም አቅጣጫ ከ20 እስከ 30 ማይል ይተዉለት።

ለጁላይ 1 ሲሆን ሁለት ነገር ይቀየራል። ኢንሹራንሱ እስከ 25 ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ 5 ሳንቲም ሆነ፤ ዕቃው ሲደርስ ተቀባዩ የሚከፍልበት አገልግሎትም በዚያው ቀን በ10 ሳንቲም ተጀመረ። የዚህ አገልግሎት የመጀመሪያ ቀን ታግ ከተገኘ ለብቻው አንድ ገጽ ይገባዋል። ክብደቱ ወደ 20 ፓውንድ ከፍ ያለው ግን ኦገስት 15 ነው፣ ያውም ለቅርብ ዞኖች፤ የጁላይ 1 ታግ ላይ 14 ፓውንድ ተጽፎ ካዩ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ማኅተሙ

የጃንዋሪ 1 ዕቃ ብርቅ የሆነበት ትልቁ ምክንያት ቴምብሩ አይደለም። ለአራተኛ ደረጃ ዕቃ ቀን ያለው ማኅተም የተለመደ አልነበረም። ሠራተኛው የከተማው ስም ብቻ ባለበት ሞላላ ጎማ ወይም ስም እንኳ በሌለው መሰረዣ ደምስሶ ያሳልፈዋል። በዚያ ላይ ቀኑ የአዲስ ዓመት በዓል ነበር። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት 1,594 ፖስታ ቤቶች ከአራት ሚሊዮን በላይ ጥቅል እንዳስተናገዱ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ቀኑ በግልጽ የሚነበብ፣ መጠቅለያው ሳይጣል የቀረ ስንት ይሆናል? ቀን ያለው ማኅተም ያረፈበት አብዛኛው ዕቃ አንድም ላኪው ለመታሰቢያ ብሎ የለመነበት፣ አንድም በትንሽ ፖስታ ቤት ሌላ ማኅተም ስላልነበረ በደብዳቤው ማኅተም የተመታ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ይመረጣል።

ቀን የሌለውን ታግ «የመጀመሪያ ቀን» ነው ብሎ የሚያቀርብ ሻጭ የሚደገፈው ጀርባው ላይ በእርሳስ በተጻፈ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው እውነት ሊሆን ይችላል። ዋጋ ግን አይጨምርም።

ቀኑን ሲያነቡ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው የወር ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ አሕጽሮት ጃንዋሪ እና ጁን በመካከለኛው ፊደል ብቻ፣ ጁን እና ጁላይ በመጨረሻው ፊደል ብቻ ይለያያሉ። ማኅተሙ ትንሽ ከቀባ ጁን 1 ጃንዋሪ 1 መስሎ ይታያል። በ10 ጊዜ አጉሊ መነጽር የመካከለኛውን ፊደል ታች ይመልከቱ፦ ሁለት እግር ነው ወይስ የተዘጋ ጎድጓዳ? ሁለተኛው 1 እና 11 ነው፤ ከቁጥሩ ግራና ቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ ይለኩ፤ ብቸኛ 1 አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አጠገቡ የደበዘዘ ቁጥር ይፈልጉ። ሦስተኛው ዓመቱ ነው። በዓመት መለወጫ የዓመቱን ቁጥር ሳይቀይሩ መምታት የተለመደ ስሕተት ስለሆነ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1912 የሚል ማኅተም ያለበት የጥቅል ቴምብር ቢያጋጥምዎ አይጣሉት። በዚያ ቀን ቴምብሩ አልነበረም፤ ስለዚህ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል፣ ዕቃውም የ1913 የመጀመሪያ ቀን የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ዓመቱ ጭራሽ የማይነበብ ከሆነ ግን 1914 ሊሆን ይችላል፤ ያኔም ቴምብሮቹ በሥራ ላይ ነበሩ።

የአደራ ደብዳቤ ላይ ቀኑን ፊት ለፊት አይፈልጉ። በዚያ ዘመን የአደራ ቀን ማኅተም የሚመታው ጀርባ ላይ፣ በክዳኑ መጋጠሚያ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ቴምብር በቀን አልባ መሰረዣ ይደመሰሳል። የጁላይ 1 የአደራ ፖስታ ፊቱን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ጀርባ የማገላበጥ ልማድ አንዳንዴ ራሱን ይከፍላል።

ጌጥ የለበሰ ፖስታ ካዩ ደግሞ ይጠንቀቁ። የዛሬው ዓይነት የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ልማድ የመጣው ዘግይቶ ነው። የታተመ የጌጥ ሥዕል ያለባቸው ፖስታዎች የታዩት በ1923 አካባቢ ነው፤ «የመጀመሪያ የዕትም ቀን» የሚል መሰረዣ ፖስታ ቤቱ የጀመረው በ1937 ነው። በ1913 ፖስታ ላይ ከሁለቱ አንዱ ካለ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ከሥሩ ያለው ፖስታ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ተበላሽቷል።

የተቀባባ ዕቃ

የሚሠራው ማጭበርበር ሦስት ዓይነት ነው፦ በእውነተኛ የጃንዋሪ 1 ወይም የጁላይ 1 ፖስታ ላይ የነበረውን ተራ ቴምብር አንስቶ የጥቅል ቴምብር መለጠፍ፤ በእውነተኛ የጥቅል ፖስታ ላይ ቀኑን መቀየር፤ ማኅተሙን ከባዶ መሥራት። የመጀመሪያው በብዛት ይታያል፣ ምክንያቱም የጁላይ 1 ቀን 1913 ተራ ደብዳቤ ርካሽ ነው።

የማኅተሙ ቀለም ከቴምብሩ ወደ ወረቀቱ የሚሻገርበትን ቦታ በ20 ወይም 30 ጊዜ ማጉያ ይመልከቱ። ብረቱ ሲወርድ የቴምብሩ ጠርዝ ትንሽ ደረጃ ስለሚሆን፣ ከጠርዙ ሥር ወረቀቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ባዶ መስመር ይቀራል። ቀለሙ ያለ ምንም መቋረጥ ከፈሰሰ በብዕር ተቀጥሏል። መስመሮቹ ቴምብሩ ላይ ካሉበት ወረቀቱ ላይ ካሉት ጋር በግማሽ ሚሊ ሜትር ከተዛነፉ ቴምብሩ ተቀይሯል። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ጎድጓዶች ውስጥ ደግሞ የማኅተሙ ቀለም ወረቀቱ ላይ መታየት አለበት፤ ጎድጓዶቹ ንጹሕ ሆነው ማኅተሙ ቴምብሩ ላይ ብቻ ካለ ከሌላ ቦታ ተሰርዞ የመጣ ነው። የቀድሞው ቴምብር ከአሁኑ ጠባብ ወይም ቁመቱ ረጅም ስለነበር፣ የጥቅሉ ቴምብር ወደ ጎን ሰፊ በመሆኑ፣ ከላይ ወይም ከታች የቀረ የሙጫ ቅሪት ብዙ ጊዜ ሌባውን ያጋልጣል።

ከዚያ 365 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት መብራት ያብሩ። ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ የ1913 ወረቀት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ አያበራም። ፖስታው ደብዛዛ ሆኖ በቴምብሩ ዙሪያ ብቻ ደማቅ ጭጋግ ካለ ዘመናዊ ሙጫ ነው። አድራሻው ላይ የተፋቀ ቦታም በዚሁ መብራት ይለያል። መብራቱ የሚነግርዎ «ሐሰት» የሚለውን እንጂ «እውነት» የሚለውን እንዳልሆነ ብቻ አይርሱ፤ አሮጌ ባዶ ፖስታ በገበያ ሞልቷል።

የከተማውን ስም ደግሞ በዘመኑ የፖስታ ቤቶች ዝርዝር ያመሳክሩ። የተዘጋ ወይም ገና ያልተከፈተ ፖስታ ቤት ስም ይዞ የመጣ ማኅተም ታይቷል። ከዚያው ፖስታ ቤት በዚያው ወር የተመታ ሌላ ተራ ካርድ ቢያገኙ ደግሞ ሁለቱን ማኅተሞች በ1,200 ዲፒአይ ስካን አድርገው አንዱን በሌላው ላይ ይጫኑ፤ የክቡ ስፋትና የፊደሎቹ አቀማመጥ መግጠም አለበት። ተራው ካርድ ርካሽ ነው። ብዙ ክርክር ይፈታል።

የአገዛዝ ቅደም ተከተል

ከጁላይ 1 ባለ 2 ሳንቲም ደብዳቤ ወይም ባለ 1 ሳንቲም ፖስት ካርድ ይጀምሩ። ማኅተሙን የማንበብ ልምዱ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ቀጥሎ ባለ 5 ሳንቲም ወደ ውጭ አገር፣ ከዚያ የአደራው 12 ሳንቲም። ጃንዋሪን እስከዚያ ባይነኩት ጥሩ ነው። የጃንዋሪ ሲገዙ የመጀመሪያው ምርጫ ከ4 አውንስ በታች የሆነ ክፍት የናሙና ፖስታ ይሁን፤ ቀጥሎ ታግ፤ ከመጠቅለያ የተቆረጠ ቁራጭ የመጨረሻው ነው፣ አድራሻው ሙሉ ካልሆነ ዞኑን ማስላት አይቻልምና። የጃንዋሪ 2 ዕቃ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል፣ የመጀመሪያ ቀን ግን አይደለም።

አሥራ ሁለቱንም ቴምብር የለጠፈ የጁላይ 1 ፖስታ አንዳንድ ጊዜ ይቀርባል። የሁሉም ድምር 3 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው፤ አንድ ደብዳቤ 2 ሳንቲም በሚሄድበት ዘመን። ሰብሳቢ ለራሱ ያዘጋጀው ነው። ያምራል፤ ነገር ግን 12 ሳንቲሙን በትክክል የከፈለ ተራ የነጋዴ የአደራ ፖስታ ጎን ስናስቀምጠው እኛ የነጋዴውን እንመርጣለን።

ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ከሆነ የምስክር ወረቀት ከሌለው አይግዙ፤ ወይም ሻጩ «ምርመራው ካልተሳካ ይመለሳል» ብሎ በጽሑፍ ይስማማ። ለአሜሪካ ዕቃ የፊላቴሊክ ፋውንዴሽን እና የአሜሪካ ፊላቴሊክ ማኅበር የምርመራ ክፍል ይታወቃሉ። የምስክር ወረቀቱን ሲያነቡ ፎቶውን ከዕቃው ጋር ጥርስ በጥርስ ያነጻጽሩ። ቃሉንም ያጥኑት፦ «እውነተኛ ቴምብር» ማለት ቴምብሩ ሐሰት አይደለም ማለት ብቻ ነው፤ የሚፈልጉት ቴምብሩ በዚያ ፖስታ ላይ በዚያ ቀን እንዳገለገለ የሚናገረውን ነው።

አያያዝ

የዘመኑ ብዙ ማኅተሞች፣ በተለይ ወይን ጠጅና ሮዝ የጎማ ማኅተሞች፣ በውሃ የሚሟሙ ናቸው። እርጥብ ጣት እንኳ ያደበዝዛቸዋል። የውሃ ምልክት ማሳያ ፈሳሽም እንዲሁ ሊያፈሳቸው ስለሚችል ፖስታው ላይ አያንጠባጥቡ። ደረቅ አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይነሳል፤ ከዚያ በላይ ማጽዳት የባለሙያ ሥራ ነው። የተለጠፈ ፕላስተር ካለ ራስዎ አይላጡት።

የታግ ሲባጎ ወይም የብረት ቀለበት ካለው አይቁረጡት። ቀለበቱ ዝጎ ካገኙት ግን በእሱና በካርቶኑ መካከል ከአሲድ ነጻ የሆነ ቀጭን ወረቀት ያስገቡ፣ ዝገቱ ወደ ቴምብሩ ይሄዳልና። ማቀፊያው ፖሊስተር ይሁን፤ ለስላሳና ሽታ ያለው ፒቪሲ ፕላስቲክ በዓመታት ውስጥ ይለሰልሳል፣ ወረቀቱንም ያቀባል። ማቀፊያው ከዕቃው በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ይበል። እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ፣ ቦታው ቀዝቃዛና ጨለማ። ቀዩ ቀለም ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ ይገረጣል፤ የታግ ካርቶንም ይሰባበራል። ታግ ከፖስታ ይልቅ ስለሚወፍር ከሌሎች ጋር አጣብቀው አይደርድሩት፤ የታጉ ቀዳዳ ጠርዝ ጎረቤቱን ፖስታ ላይ ክብ ማሕተም ያትማል።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ከማቀፊያው ውጭ አንድ ካርድ በእርሳስ ይጻፉለት፦ የቴምብሩ ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ፣ በማይል የተለካ ርቀት፣ ዞን፣ ከሒሳቡ የተገኘ ክብደት፣ የማኅተሙ ዓይነት፣ ያልገጠመ ነገር ካለ እሱም። ከሌላ ሰው የቀረ የእርሳስ ጽሑፍ ጀርባው ላይ ካለ አይደምስሱ፤ ካርዱ ላይ ቃል በቃል ይገልብጡት።